የእሑዱ ምርቃት

እሑድ፣ ጁላይ 7

ይህን የምታነቢው ሮሆቦት ከሆንሽ አትልፊ፤ ከ«ሀ» ተነስተሽ «መ» እስክትደርሺ ይመሻል። አሸናፊ ከሆንክ ደግሞ ሥዕል የለበትም፣ መልሰህ ፍራሹ ሥር ክተተው። ከእማዬና ከአባዬ ሌላ በዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ «በቃህ» ተብዬ የተሰናበትኩት እኔ ብሥራት፣ ኮሌጅ የጨረሰችውን እህቴን በፊደል እበልጣለሁ። ምስጋናው ለአባባ ማስመሪያ ይሁን። ጣቴ አሁንም ያስታውሰዋል።

አባባ የእማዬ አባት ናቸው። ደብረ ብርሃን ነው ያሉት። እማዬና አባዬ በዚያ ክፉ ጊዜ ሁለቱን ትልልቆች ይዘው በሱዳን ሲወጡ እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር። በረሃው ይገድለዋል ተባለና አባባ ጋ ቀረሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ኤርፖርት ላይ እማዬን «እትዬ» ብዬ ሰላም አልኳት። ቀልዴን ነው ብያታለሁ።

ዛሬ እንደ ልማዳችን ለአባባ ተደወለ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የምትደውለው። መጨረሻ ላይ ስፒከሩን ትከፍትና ሁላችንም ቆመን እንመረቃለን። አባባ ሁለቴ ይስላሉ፣ ከዚያ ይጀምራሉ። ቃሉ አይለወጥም።

«ሮሆቦትን በወግ በማዕረግ ይዳርልሽ።»

«አሜን።» ሮሆቦት ዓይኗን ጣራ ላይ ትሰቅላለች።

«አሸናፊን ከክፉ ሁሉ ይሰውርልሽ።»

«አሜን።»

«ያን ዝንጀሮዬንም ልብ ይስጥልኝ።»

እዚህ ላይ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ዝንጀሮው እኔ ነኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሁለቴ ሳልኩና ምርቃቱን በአባባ ድምፅ ደገምኩት። እማዬ ሶፋው ላይ ወደቀች። «ቁርጥ አባባ! ኧረ ተው ልጄ፣ ሆዴን!» ሰው ዲፕሎማ አለው፣ እኔ የሰው ድምፅ አለኝ። በምሠራበት የክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ የአለቃዬን ድምፅ አውጥቼ በሬዲዮ አንዱን ሠራተኛ ከሰዓቱ በፊት ወደ ቤቱ ሸኝቼዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሴንት ሉሺያ ነን። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። ነገሩ የሮሆቦት ሥራ ነው፤ ካያክ መቅዘፍ፣ ባሕር ውስጥ ዓሣ ማየት፣ ተራራ መውጣት። እኔ ቫኬሽን ማለት መተኛት መስሎኝ ነበር። ኦገስት ላይ እሷ ለሥራ ሲያትል ትገባለች። አሸናፊን አርሚው ጀርመን ይወስደዋል፣ ከዚያ ቦስኒያ ይባላል። አምስታችን አብረን የትም ሄደን አናውቅም። እማዬ ጠዋት ማታ አንድ ነገር ነው የምትለው፦ «አንድ ጊዜ ብቻ። ሁላችሁንም በአንድ ጣራ ሥር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

እማዬ የዋና ልብስ ገዛች። ሮዝ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት። መጋረጃችንን ቀደድሽው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ጫማ ወርውራ ሳተችኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

ስልክ ጮኸ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ። እንደ ልማዴ በአባዬ ድምፅ አነሳሁት። «ሃሎ፣ ተክለሃይማኖት ነኝ።» በዚህ መንገድ ብዙ ሐሜት ሰምቻለሁ።

ጋሽ ቢራቱ ነበሩ፣ ከዚሁ አቅራቢያ ከአሌክሳንድሪያ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው።

«ተክሌ፣ ስሂን አጠገብህ ናት?» ስሂን እማዬ ናት።

«ሥራ ናት።»

«ልጆቹስ?»

«ያ ዝንጀሮ ብቻ ነው ያለው» አልኩ፤ ሳቄን ውጬ።

«እንግዲህ በርታ። አማትህ ጋሽ እንግዳወርቅ አርፈዋል። ትናንት ነው፤ ዛሬ ቀበሯቸው። ለሷ በስልክ አይነገርም ብሎ ወንድሟ ለኔ ደወለ። ተክሌ? ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ» አልኩ። በአባዬ ድምፅ። ሌላ ድምፅ አልመጣልኝም።

ከዚያ ሄጄ አሸናፊ ቁም ሣጥን ውስጥ ያከማቻቸውን ጫማዎች ማሰሪያ ሁሉ አንድ ላይ ቋጠርኩ። ብዙ ጫማ አለው። ረጅም ሥራ ነበር።

ዓርብ፣ ጁላይ 12

ለአባዬ ነገርኩት። የሚነዳው ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሪውን ይዞ ቀረ። «ይሄም ቀልድህ ከሆነ…» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና አልጨረሰውም።

ተያይዘን አሌክሳንድሪያ ጋሽ ቢራቱ ቤት ሄድን። ሚስታቸው እትዬ ትብለጥ የእማዬ የልብ ጓደኛ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። ምክክሩ አልረዘመም።

«አሁን ብትሰማ ጉዞው ቀረ» አሉ ጋሽ ቢራቱ። «ልጆቹም ይበተናሉ፤ ደግሞ መቼ ሊሰበሰቡ ነው? ሞት እንደሆነ የትም አይሄድ። ደርሳ ትምጣ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እኛ እንመጣለን። መርዶ ወግ አለው፤ የሚናገር ሽማግሌ አለው፣ ስትወድቅ ከኋላ የሚይዛት ሰው አለው።»

«ለትልልቆቹስ?» አለ አባዬ።

«እንዳትነግራቸው። ፊታቸው ያሳብቃል።»

እትዬ ትብለጥ ወደኔ ዞረች። «የምፈራው ይሄንን ነው። አንተ! ይሄ እንደ ሌላው ቀልድህ አይደለም። አፍህን!»

«እኔ መቼ ቀለድኩ?»

ሁሉም አዩኝ።

ስንወጣ አባዬን አቅፈው «እግዜር ያጽናህ» አሉት። አባዬን! አባባን ለሠርጉና ለክርስትና ካልሆነ አይቷቸው የማያውቀውን ሰው። ለእኔ ኮካ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ያገሬ ሰው ሰላም ሲል ታውቃለህ አይደል፣ ደብተሬ። ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ወንድሞችሽ፣ አባትሽ፣ ላም ቢኖረን ላሟም ትጠየቃለች። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሁሉም ቸኩሏል። እትዬ ትብለጥ እማዬን ሳመቻት፣ ደግማ ሳመቻት፣ ደግማ ደግማ፣ ከዚያ ስለ ሻንጣ ማውራት ጀመረች። ጋሽ ቢራቱ ስለ ዝናብ አወሩ። ዝናብ የለም። ከአሮጊት እስከ ዲያቆን ከአንድ ሰው አፍ እንኳ የአባባ ስም አላመለጠም። ጎበዞች! በልቤ አጨበጨብኩላቸው።

ቤት ስንገባ እማዬ በነጠላዋ ስልኩ አጠገብ ቁጭ አለች። አባዬ ቴሌቪዥኑን እያየ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት፣ «የደብረ ብርሃን መስመር ተበላሽቷል አሉ» አለ።

እማዬ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። የሪሞቱን ባትሪ አውጥቼ መልሼ መክተት ጀመርኩ።

«እሺ» አለች።

እማዬ ያለ ክርክር እሺ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ ሻወር ገባች። ውኃው እስኪቀዘቅዝ አልወጣችም። ለእኛ ሙቅ ውኃ አልተረፈም፣ ሮሆቦት ተነጫነጨች።

ተሳክቶልናል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

የአበባውን ዋና ልብስ መልሳ ጥቁር ገዛች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር።

«ምነው እማዬ፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?» አልኳት።

ቀደመኝ። ምላሴ ቀደመኝ። አባዬ ሹካውን ጣለ።

«ጥቁር ያቀጥናል» አለች እማዬ፣ ቀና ሳትል። «ብላ፣ ሾርባህ ይቀዘቅዛል።»

ምላሴን ልቆርጠው ነበር። ደደብ ነኝ። ደደብ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ናሽናል ኤርፖርት። ሳን ሁዋን። ትንሽ ፕሌን፣ እንደ ሚኒባስ የምታስነጥስ። አባዬ እየጸለየ። ደረስን። ሙቀት። አሸናፊ ሻንጣውን ሲከፍት የሮሆቦት የውስጥ ልብስ ወጣበት፤ እኔ ነኝ የቀያየርኩት። አሸናፊ ሳቀ። እማዬ ሳቀች። ስትስቅ አተኩሬ አየኋት። በዚህ ሳምንት ሥራዬ እሱ ነው፣ እሷን ማሳቅ። ሌላ ምንም።

እሑድ፣ ጁላይ 21

ከቁርስ በኋላ ሁሉም ለካያክ ወረዱ። አባዬ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ታክሲው የተሰረቀበት ሰው መስሏል። እማዬ «ራሴን ትንሽ አሞኛል፣ እናንተ ሂዱ» አለች።

ፎጣ ልወስድ ስመለስ በመስኮቱ አየኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለብሳለች። ባሕር ዳር ድረስ ነጠላ ይዛ መጥታለች! እጇ ስልኩ ላይ ነው። እሑድ ነው፤ የአባባ ሰዓት ነው።

ልትደውል ነው አልኩ። አንድ ሰው ያነሳል፣ ያለቅሳል፣ እሷም እዚህ በባዕድ ክፍል ብቻዋን፣ ከኋላዋ የሚይዛት ሳይኖር። መርዶ እንዲህ አይሆንም።

ወደ ሪሴፕሽን ሮጥኩ። ጥግ ላይ ለእንግዶች የተቀመጠ ስልክ አለ። ካልሲዬን አውልቄ ማውሪያው ላይ ጠመጠምኩ። የቺፕስ ላስቲክ በግራ እጄ አሻሸሁ፤ የሩቅ አገር መስመር ይመስላል። የክፍላችንን ቁጥር ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው።

ሁለቴ ሳልኩ።

«ስሂኔ» አልኩ።

ምንም የለም። ትንፋሿ ብቻ። አወቀችብኝ ብዬ ልዘጋ ስል፦

«አባባ» አለች። «እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?»

«ልጆቹን ባሕር አመጣኋቸው።»

«ደግ አደረግሽ።»

«እውነት አባባ? ደግ አደረግሁ?»

«ደግ አደረግሽ።»

«ልመለስ ወይስ ልቆይ?»

«ቆዪ እንጂ። ምን ያስቸኩልሻል። እስኪያልቅ ቆዪ።»

«እሺ አባባ።» ላስቲኩን አሻሸሁ። «አባባ፣ ያን ሕፃን ከጡቴ ነጥዬ እጅዎ ላይ ጥዬው ሄድኩ። አሳድገው፣ ፊደል አስቆጥረው ሰጡኝ። አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። እሱንም ይቅር በለኝ ብዬው አላውቅም። አፍሬ ነው።»

እዚህ ላይ አባባ ምን ይሉ ነበር? አሥር ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላውቀውም። ካልሲው አፌ ውስጥ ገባ።

«ተይ ስሂኔ» አልኩ። «ልጅ ነው። ረስቶታል።»

«አልረሳም» አለች። ከዚያ «ይመርቁኝ» አለች።

«ሮሆቦትን በወግ በማዕረግ ይዳርልሽ።»

«አሜን።»

«አሸናፊን ከክፉ ሁሉ ይሰውርልሽ።»

«አሜን።»

ቀጣዩን አልቻልኩም። ሰው ራሱን በሞተ ሰው አፍ እንዴት ይመርቃል?

«ሌላስ፣ አባባ?» አለች።

«ሌላ… ደህና ዋይ።»

ዘጋሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ በባዶ እግሬ ቆሜ ካልሲ ስፈታ አየችኝና ፈገግ አለች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ የተዋጣ ማታለል አላደረግሁም። አንዲት ነገር አልጠረጠረችም።

ባሕሩ ጋ ስደርስ እማዬ ወርዳለች። ካያክ ላይ ከአሸናፊ ፊት ተቀምጣ ትቀዝፋለች። በኃይል ነው የምትቀዝፈው። አሸናፊ «ኢዚ፣ እማዬ፣ ኢዚ!» ይላታል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

ዓሣ ማየት። መነጽር የመሰለ ማስክ ፊት ላይ ይታሰራል፣ በቱቦ ይተነፈሳል፣ በግንባር ውኃው ላይ ይተኛል። ሮሆቦት አባዬን እንደ ሕፃን እጁን ይዛ አስተማረችው። እማዬ ግን ማንም ሳያስተምራት ተደፍታ ቀረች። አልቀና አለች። ስትወጣ ማስኩ ውስጥ ውኃ ነበር፣ አፈሰሰችውና ተመልሳ ተደፋች።

«ማስኩ ያፈሳል» አለ አሸናፊ፤ የራሱን ሰጣት። የሱም አፈሰሰ። አስከራዩ ሦስተኛ አመጣ። እሱም። አሸናፊ ከሰውየው ጋር ሊጣላ ነበር። «ተወው ልጄ፣ ደህና ነው» አለች እማዬ። ዓይኗ ቀልቷል። ጨው ነው።

ምሳ ላይ ሦስታችንንም አጎረሰችን፣ ፈረንጅ እያየ። ሮሆቦት አፏን ሸፍና «ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ» አለች፣ ግን ጎረሰች። እኔ ጣቷን ነከስኩ። «ዝንጀሮ» አለችኝ።

ያን ቃል ስትል ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

ተራራው። ከባሕር ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ዛፍ የለበሰ። አሸናፊ ወታደር ነኝ ብሎ ፊት ፊት ሲል ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ አለ። እማዬ አለፈችው። አስጎብኚው ሽማግሌ «ማዳም የተራራ ሰው ናት» አለ። እውነቱን ነው።

ጫፍ ላይ ኮፍያዋን አወለቀች። ከሥሩ ጥቁር ሻሽ አስራለች።

«ምሥራቅ በየት ነው ብለህ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ጠየቅሁላት። ሰውየው ወደ ባዶው ባሕር አሳየና ቀጥ ብለሽ ብትሄጂ አፍሪካ ነው አለ። ጫማዋን አወለቀች፣ ወደዚያ ዞራ ቆመች። አባዬ የጫማውን ክር አሥር ጊዜ ሲፈታ ሲያስር ነበር። እኔ መቀለድ ነበረብኝ፣ ሥራዬ ነው። ግን ነፋስ ነበር፣ አይሰማም ብዬ ተውኩት።

ስንወርድ እጄን ያዘች። እድሜ ልኳን ይዛኝ የማታውቀውን አያያዝ። «ያንሸራትታል» አለች። አያንሸራትትም ነበር።

አባባ ሲሞቱ ማን አጠገባቸው ነበር? ማንን ልጠይቅ? እኔ የማውቀው የለም እኮ በይፋ።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ተመለስን። ከሰል መስለን ጠቁረን። ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። አባዬ እራት አልበላም።

ዛሬ እሑድ ነው፤ እማዬ ወደ ስልኩ አልሄደችም። የሁላችንንም ልብስ ስታጥብ አመሸች። ስትወድቅ ከኋላ የምይዛት እኔ ነኝ ብዬ ወስኛለሁ። አልተመረጥኩም፣ ግን ወስኛለሁ።

ሰኞ፣ ጁላይ 29

አልወደቀችም።

የአሌክሳንድሪያ መኪኖች ገና ድንግዝግዝ ሳለ ፓርኪንጉን ሞሉት። በሩን ልከፍት ተነስቼ ሳሎን ስገባ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ፍራሽ መሬት ተነጥፏል። እማዬ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። አባዬ ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

ጋሽ ቢራቱ ገቡ፣ ያዘጋጁትን ንግግር አፋቸው ላይ ይዘው። እሷ ቀደመቻቸው።

«ይቀመጡ ጋሼ። አይጨነቁ። አውቄዋለሁ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እትዬ ትብለጥ «አንተ!» አለች፤ ልትመታኝ መሰለኝ።

«እሱን ተዪው!» አለች እማዬ። «ማንም አልነገረኝም። ዝም ብላችሁ ነው የነገራችሁኝ። ትብለጥ፣ በተገናኘን ቁጥር አባትሽ እንዴት ናቸው ሳትዪኝ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? ያን ቀን ደጀ ሰላሙን ሙሉ ሳምኩት፣ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። አንድ ሰው።»

እትዬ ትብለጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አውቀሽ ነው የሄድሽው?»

«ለቅሶው ይጠብቀኛል አልኩ። እነዚህ ግን…» ሮሆቦትና አሸናፊ በፒጃማ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። እያየቻቸው አልጨረሰችውም። «ወይኔ አባባ» አለች። ያኔ ፈነዳ። የሴቶቹ ድምፅ፣ የሮሆቦት ጩኸት። ከታች ያለችው ፈረንጅ በመጥረጊያ ጣራዋን ደበደበች። አሸናፊ ወርዶ ነገራት፤ ቆይታ አበባ ይዛ መጣች።

እኔ? እኔ በር ከፋች ነበርኩ። ጫማ አስተካከልኩ። አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቴን ይመታኛል። ያን ቀን ካወቀች፣ ታዲያ ያ ስልክ? ካልሲው? «ሌላስ፣ አባባ»?

ለመውጣት በሩን ስይዝ ጠራችኝ። በሰው ሁሉ ፊት።

«ብሥራት። ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።» ከዚያ ለሽማግሌዎቹ፦ «እሱን አጽናኑት እንጂ። አያቱ ነው የሞተበት ልበል? አባቱ ነው የሞተበት።»

ጋሽ ቢራቱ ተነሱ። ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ያዙ። «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ። ከዚያ እትዬ ትብለጥ። ከዚያ ሁሉም፣ ተራ በተራ። አልቀለድኩም። ብፈልግም አልችልም ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 4

ሰው ቀለል ብሏል። ሮሆቦት ሻንጣ ታስራለች፤ አሸናፊ የቋጠርኳቸውን የጫማ ማሰሪያዎች እየፈታ ነው፣ አሁን ነው ያገኛቸው። «ማን እንደሆነ አውቃለሁ» ይለኛል፣ ግን አልተቆጣም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ስልኩ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቱ ነው። እኔ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ የታጠበውን ብርጭቆ።

«ና» አለች።

ሄጄ ቆምኩ። እግሬን አየሁ። ካልሲ አላደረግሁም።

«ያኔ የደወሉልኝ ሰውዬ» አለች፣ «ምርቃቱን ሳይጨርሱ ዘጉብኝ።»

«እማዬ እኔ—»

«ዝም በል። አባባ ሦስቱንም ሳይጠሩ ስልክ ዘግተው አያውቁም። ጎደለ። ስንት ቀን ሆነኝ፣ ጎድሎ ቀረብኝ።»

ሁለቴ ሳለች። እንደሳቸው። አትችልበትም፤ በጭራሽ አትመስልም። እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«ያን ዝንጀሮዬንም ልብ ይስጥልኝ» አለች።

«አሜን» አልኩ። በራሴ ድምፅ።